አንጀትን በድምፅ ማየት

በዋግ ኽምራ መንደሮች አንድ ልጅ ትራኮማ እንዳለበት ለማወቅ የሠለጠነ ጣት፣ ማጉያ መነጽርና በቂ ብርሃን ይበቃል። ባለሙያው የላይኛውን የዐይን ቆብ ገልበጥ ያደርገዋል፤ ውስጡ ቀልቶ፣ ጥቃቅን ነጫጭ ፍሬዎች አውጥቶ እንደሆነ ያያል፤ ይመዘግባል፤ ወደ ቀጣዩ ልጅ ያልፋል። የዚያው ልጅ አንጀት ቢቆጣ ግን የሚገለበጥ ቆብ የለውም። ከአበርገሌ ቆላ፣ ከኒሯቅ አንሥቶ እስከ ሰቆጣና ጋዝጊብላ ደጋ ድረስ፣ እናት ልጇን አዝላ ጤና ኬላ ስትደርስ የምትናገረው ከውጭ የሚታየውን ነው፦ አልበላ አለ፣ ያስቀምጠዋል፣ እኩዮቹ ጥለውት አደጉ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋም ከውጭ ያለውን ትለካለች፤ ክብደቱን፣ ቁመቱን፣ የክንዱን ዙሪያ። ሰገራው ይመረመር ይሆናል። አንጀቱ ራሱ ምን እንደሚመስል የሚያይ የለም።

ያለ መርፌ፣ ያለ ቱቦ፣ ያለ ራጅ የአንጀት ግድግዳ መቆጣቱን የሚያሳይ መንገድ አለ ብላችሁ ታምናላችሁ? አለ። ብርሃን ወደ ሆድ ይገባል፣ ድምፅ ሆኖ ይወጣል። ኦፕቶአኩስቲክ ይሉታል፤ ፎቶአኩስቲክ የሚሉትም አሉ። እኔ በዚህ ነገር ከተያዝኩ ሰንብቻለሁ፤ እናንተንም ላስይዛችሁ ነው።

መነሻው የስልኩ ሰው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል ነው። እ.ኤ.አ. በ1880 ቤልና ረዳቱ ቻርልስ ሰምነር ቴንተር ንግግርን ያለ ሽቦ፣ በብርሃን ለመላክ ይሞክሩ ነበር። በሙከራቸው መካከል ያልጠበቁት ነገር ገጠማቸው። የፀሐይን ብርሃን ቀዳዳ ባለው የሚሽከረከር ሰሌዳ እየቆራረጡ አንድ ቁስ ላይ ሲያሳርፉት፣ ቁሱ ራሱ ድምፅ ያሰማል። እንጨቱም፣ ጎማውም፣ ብረቱም። ጥቁር ነገር ከነጣው ይልቅ ይበረታል፤ ጥላሸት ደግሞ ጎልተው ከጮኹት አንዱ ነበር። ይህን ጥላሸት ያዙልኝ፤ ኋላ ስለ እኛ ቆዳ ስንነጋገር እንፈልገዋለን።

ለምን ይጮኻል? መብረቅን አስቡ። መብረቅ አየሩን በቅጽበት ያግለዋል፤ የጋለው አየር ባንዴ ይለጠጣል፤ ነጎድጓድ የምንለው የዚህን መለጠጥ ድምፅ ነው። ደግሞ ብልጭታውን አይታችሁ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ብትቆጥሩ፣ መብረቁ ቅርብ ይሁን ሩቅ ታውቃላችሁ። የሆዱ ምርመራም አሠራር ይኸው ነው። ሌዘር አሥር ናኖ ሰከንድ ገደማ ብቻ የምትቆይ ብልጭታ ቆዳ ላይ ያሳርፋል። ብርሃኑ ወደ ውስጥ ይዘልቃል፤ በመንገዱ ደም ሲያገኝ ደሙ ይውጠዋል፤ የዋጠውም በጥቂቱ ይግላል። ይህ ጥቂት የምንለው አንድ ሺኛ ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ነው፤ ሰውየው ምንም አይሰማውም። ያቺ አንድ ሺኛ ዲግሪ ግን 800 ፓስካል የሚደርስ ግፊት ትወልዳለች፤ ግፊቱ እንደ ሞገድ እየተስፋፋ ወደ ቆዳ ይመጣል፤ እዚያ ላይ የአልትራሳውንድ መቀበያ ተደግኖ ይጠብቀዋል። ድምፅ በሥጋ ውስጥ በሰከንድ 1,540 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ከ2 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት የተነሣው 13 ማይክሮ ሰከንድ ቆይቶ ይደርሳል። ኮምፒዩተሩ በመቀበያው ላይ በተደረደሩት ብዙ ጆሮዎች የደረሰውን ሁሉ አመሳክሮ ድምፁ ከየት ከየት እንደተነሣ ይሥላል።

ታዲያ በብርሃን ብቻ ማየት አይቻልም ወይ ትሉ ይሆናል። የስልካችሁን ባትሪ አብሩና ጣቶቻችሁን ከላዩ ላይ ግጠሙት። ጣታችሁ ቀይ ሆኖ ይበራል፤ ብርሃኑ አልፎታል ማለት ነው። አጥንቱን ወይም የደም ሥሩን ጥርት አድርጋችሁ ግን አታዩም፤ ብርሃን ሥጋ ውስጥ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ አቅጣጫው ይጠፋበታል። ድምፅ ግን ሥጋን ሰንጥቆ ሲያልፍ ብዙ አይበተንም። አልትራሳውንድ ብቻውን ደግሞ ቅርጽን ያሳያል እንጂ ኦክስጅን የቱ ጋ እንዳለ በቀለም አይለይም። ስለዚህ መልእክቱን ለብርሃን ሰጥተህ መልሱን በድምፅ ትቀበላለህ። ከሁለቱም የሚጠቅመውን መውሰድ ማለት ይህ ነው፤ እኔን የማረከኝም ይኸው ብልሃት ነው።

ቀለሙ ላይ ትንሽ እንቆይ። ደማችንን ቀይ የሚያደርገው ሄሞግሎቢን ኦክስጅን ሲይዝና ሲለቅ ብርሃን የሚውጥበት መንገድ ይለያያል። ከቀይ ብርሃን ጥግ አጠገብ ኦክስጅን የለቀቀው ይበልጥ ይውጣል፤ 800 ናኖ ሜትር አካባቢ ሁለቱ እኩል ይሆናሉ፤ ከዚያ ባሻገር ባለው ዐይን በማያየው ታህታይ ቀይ ኦክስጅን የያዘው ያይላል። ሌዘሩን በተለያየ ሞገድ ደጋግሞ በማብራት፣ ያ የአንጀት ግድግዳ ምን ያህል ደም እንዳለው፣ ከዚያ ውስጥ ስንቱ ኦክስጅን እንደያዘ ማስላት ይቻላል። ጃፓናዊው ታኩኦ አኦያጊ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ያፈለቀው፣ ዛሬ በየሆስፒታሉ ጣት ላይ የሚቆነጠጠው የኦክስጅን መለኪያም የቆመው በዚሁ የቀለም ልዩነት ላይ ነው።

የተቆጣ አንጀት ደም ይጠራል። የደም ሥሮቹ ይሰፋሉ፣ አዳዲስም ይበቅላሉ፣ ግድግዳው ይወፍራል። የጀርመኗ የኤርላንገን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች የያዙት ይህንን ነው። የክሮን በሽታ ያለባቸው 108 ሕመምተኞች ሆድ ላይ መሣሪያውን አሳርፈው በአንጀት ግድግዳ ያለውን ሄሞግሎቢን ለኩ፤ ውጤቱንም እ.ኤ.አ. በ2017 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን አወጡት። በሽታው የነቃባቸውንና የተኛላቸውን በመለኪያው መለየት ተችሏል። ክሮን ማለት በአሜሪካዊው ሐኪም በበሪል ክሮን ስም የሚጠራ፣ በ1932 የተገለጸ፣ አንጀትን ለዓመታት እያቆጣ የሚያቆስል ሕመም ነው። ይነሣል፣ ይተኛል፣ ተመልሶ ይነሣል። በተነሣ ቁጥር ሐኪሙ ማየት ይፈልጋል፤ ለማየት ደግሞ ሕመምተኛው ጾሞ፣ በሚያስቀምጥ መድኃኒት አንጀቱን አጥቦ፣ ካሜራ ያለው ረጅም ቱቦ በኋላ በኩል ማስገባት አለበት። በዓመት ሁለት ሦስቴ ይህን ማድረግ ምን ማለት እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል። ሆድ ላይ ጄል ቀብቶ ማየት ከተቻለ የሕመምተኛው ኑሮ ይቀየራል።

በኢትዮጵያ ክሮን ብርቅ ሕመም ተደርጎ ይታይ ነበር። ሐኪሞቻችን የሚቸገሩት ግን ክሮን የሚመስል ሌላ በሽታ ስላለ ነው፤ የአንጀት ቲቢ። ሁለቱም ቀጭኑ አንጀት ከትልቁ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ይወዳሉ፤ ሁለቱም ያከሳሉ፣ ያተኩሳሉ፣ ሆድ ይቆርጣሉ። ለክሮን የሚሰጠው የሰውነትን መከላከያ የሚያረግብ መድኃኒት ቲቢ ላለበት ሰው ቢሰጥ በሽታው ይዛመታል። እዚህ ላይ በግልጽ ልናገር፤ ኦፕቶአኩስቲክ ይህን ጭንቅ አይፈታም። ደም መብዛቱን ይነግራችኋል፤ ደሙን የጠራው ባክቴሪያ ይሁን ራሱን የሚያጠቃ ሰውነት አይነግራችሁም። ለዚያ ናሙና መቁረጥ የግድ ነው። ሕክምና ከተጀመረ በኋላ ግን፣ ቁጣው እየበረደ ነው ወይስ ባለበት ነው የሚለውን ደጋግሞ ለማየት እንዲህ ያለ ገራም መሣሪያ ማግኘት ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ወደ ሰቆጣ ልመልሳችሁ፤ ልቤም ያለው እዚያ ነው። የኢትዮጵያ መንግሥት በ2007 ዓ.ም. በዚህች ከተማ ስም የሚጠራውን የሰቆጣ ቃል ኪዳን ይፋ አደረገ፤ ግቡ ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር እ.ኤ.አ. በ2030 ማስቀረት ነው። ሥራው የተጀመረው የተከዜን ተፋሰስ ተከትሎ በአማራና በትግራይ ባሉ ወረዳዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአገር ደረጃ ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ልጆች 38 በመቶው፣ በአማራ ክልል ደግሞ 46 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። ይህን ቁጥር ስትሰሙ መጀመሪያ የምታስቡት ምግብን ነው፤ ልክ ናችሁ። ነገር ግን ምግብ ብቻ አይደለም።

በ1960ዎቹ ዳካ፣ ያኔ ምሥራቅ ፓኪስታን በምትባለው ግዛት፣ ለአገልግሎት የሄዱ አሜሪካውያን የሰላም ጓድ ወጣቶች አንጀታቸው ተመረመረ። ጤነኞች ነበሩ፣ ጠግበው የሚበሉ ነበሩ። የቀጭን አንጀትን ውስጠኛ ግድግዳ የሚሸፍኑትና ምግብን የሚመጥጡት ጣት መሰል ጥቃቅን ቡቃያዎች ግን አጥረው፣ ደንዝዘው ተገኙ። ወደ አገራቸው ሲመለሱ ቀስ በቀስ ዳነላቸው። ይህ ታሪክ ምን እንደሚል አስተውሉ። ያደነዘዘው ረኃብ አልነበረም፤ ዘርም አልነበረም፤ በየቀኑ ከውሃው፣ ከምግቡ፣ ከአፈሩ ጋር የሚገባው ተሕዋስ ነው። ዛሬ ይህ ሁኔታ ከአካባቢ የሚመጣ የአንጀት መታወክ ተብሎ ይታወቃል። ልጁ ተቅማጥ ላይኖረው ይችላል፤ ሲያዩት ሕመምተኛ አይመስልም። ውስጡ ግን አንጀቱ በዝግታ ይቆጣል፣ ግድግዳው ይላላል፣ የተሕዋስ ቁርጥራጭ ወደ ደም ያልፋል፣ ሰውነቱም ለማደግ የሚሻውን ጉልበት በመዋጋት ይጨርሳል። የበላው አይደርሰውም።

መድኃኒቱ ንጹሕ ውሃና መጸዳጃ ቤት ነው ብሎ ማሰብ ተፈጥሯዊ ነው። በ2018 ውጤታቸው የታተመው የባንግላዴሽና የኬንያ፣ በ2019 የተከተለው የዚምባብዌ ሰፋፊ ሙከራዎች ግን ውሃና ንጽሕና ብቻውን የልጆችን ቁመት እንዳልጨመረ አሳዩ። በዋግ ኽምራም 40 የገጠር ማኅበረሰቦች የተሳተፉበት፣ ውሃና ንጽሕና ትራኮማን ይቀንስ እንደሆነ የፈተሸ ሙከራ ተካሂዷል። እኩሌቶቹ ውሃ ተቆፈረላቸው፣ ሳሙናና ትምህርት ደረሳቸው። በ2022 በላንሴት ግሎባል ሄልዝ በወጣው ውጤት መሠረት በሦስት ዓመት ውስጥ በልጆቹ ዐይን ላይ ያለው ተሕዋስ አልቀነሰም። ውሃው አያስፈልግም ማለት እንዳይመስላችሁ፤ ውሃ በራሱ መብት ነው። እኔን የያዘኝ ሌላ ነው። በዐይን ጉዳይ ተመራማሪዎቹ ውጤቱን በግልጽ ሊያውቁ የቻሉት ቆቡን ገልብጠው፣ በጥጥ ጠርገው ስለወሰዱ ነው። የአንጀት ነገር ሲሆን የምንለካው የመጨረሻውን፣ ቁመትን ነው፤ ቁመት ደግሞ ለመናገር ዓመት ሁለት ዓመት ይፈጅበታል። ቁመት ካልጨመረ፣ አንጀቱ መቆጣቱን አልተወም ማለት ነው ወይስ አንጀቱ ድኖ ምግቡ አነሰ? መሐሉን ሳያዩ መልስ የለም።

መሐሉን ለማየት ያሉት መንገዶች ከባድ ናቸው። በፓኪስታን የአጋ ኻን ዩኒቨርሲቲና በዛምቢያ ሉሳካ የሚሠሩ ሐኪሞች በምግብ ሕክምና ያልዳኑ ልጆችን በካሜራ ቱቦ (በኢንዶስኮፒ) አይተው ናሙና ወስደዋል፤ ብዙ ያስተማረ ሥራ ነው። ግን ጤነኛ መስሎ የሚጫወት የሁለት ዓመት ሕፃን አስተኝቶ ቱቦ ማስገባት ለጥናት ብሎ ማንም አይፈቅደውም፤ አይገባምም። ሌላው መንገድ ሁለት ዓይነት ስኳር አጠጥቶ ለሰዓታት ሽንት መሰብሰብ ነው፤ ሕፃን ልጅ ያሳደገ ሰው ይህ ስንት ጣጣ እንዳለው ያውቀዋል። ለንደን ኢምፔሪያል ኮሌጅ ያሉ ተመራማሪዎች ደግሞ የሚያበራ ቀለም አጠጥተው፣ ከላላው አንጀት ወደ ደም ሲያልፍ በቆዳ ላይ በተለጠፈ የብርሃን መለኪያ ይከታተላሉ። ይህኛው የኦፕቶአኩስቲክ የቅርብ ዘመድ ነው። በኤርላንገንም ኢንዶሲያኒን ግሪን የተባለ ቀለም በአፍ ሰጥተው በአንጀት ውስጥ ሲጓዝ በብርሃንና በድምፅ ተከታትለውታል።

እንግዲህ የኤርላንገኑ መሣሪያ ሰቆጣ ቢደርስ ምን ይገጥመዋል? ጥልቀቱ በልጅ ላይ ያግዛል። ይህ ዘዴ ጥርት አድርጎ የሚያየው ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ለወፍራም ጎልማሳ ያንሳል፤ የሕፃን ሆድ ግን ስስ ነው፣ አንጀቱም ቅርብ ነው። መሣሪያው በልጆች ላይ እንደሚሠራ ታይቷል፤ እዚያው ኤርላንገን የጡንቻ መድከም በሽታ ያለባቸውን ልጆች ጡንቻ በዚሁ ዘዴ መርምረው በ2019 ውጤቱን አሳትመዋል። ሆኖም ይህ የአንጀት መታወክ የሚብሰው በቀጭኑ አንጀት መጀመሪያ በኩል ነው፤ የዚያ የመጀመሪያው ክፍል ወደ ጀርባ ጠልቆ ይተኛል። ስለዚህ መፈለግ ያለበት ከእሱ ቀጥሎ በግራ በኩል ወደ ፊት የሚመጣው ነው። ቁጣውም እንደ ክሮን አንድ ቦታ ላይ የሚጋይ ሳይሆን ለስላሳና የተበተነ ነው፤ መለኪያው ጥቃቅን ልዩነት መያዝ ይኖርበታል።

ጥላሸቱ የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። ቆዳችንን ጠይም የሚያደርገው ሜላኒን ብርሃን ይውጣል። ስለሚውጥ ሁለት ነገር ያደርጋል። አንደኛ፣ ወደ አንጀት የሚደርሰው ብርሃን ያንሳል። ሁለተኛ፣ ቤል እንደሰማው ጥቁር ነገር ይጮኻል፤ ቆዳው ራሱ ገና ከደጁ ብርቱ ድምፅ ያሰማል፤ ያ ድምፅ ወደ ውስጥ ገብቶ እየነጠረ ሲመለስ ከአንጀት የሚመጣውን ደካማ ድምፅ ይሸፍነዋል። ይህን ችላ ማለት ምን እንደሚያስከትል ከጣቱ መለኪያ ተምረናል። በ2020 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት፣ መሣሪያው ደህና ነው እያለ በእውነት ግን ኦክስጅን ያነሰባቸው ሰዎች በጥቁሮች ዘንድ ከነጮች ሦስት እጥፍ ሊጠጉ እንደቻሉ አሳየ። ያ መሣሪያ በየሆስፒታሉ ከገባ ዐሥርት ዓመታት አልፈው ነበር። በኦፕቶአኩስቲክ ግን ገና ከጅምሩ የተነሡ አሉ። በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የምትሠራው ሙይናቱ ቤል (የስሟ መገጣጠም ደስ ይላል) ከብራዚል ተመራማሪዎች ጋር ሆና፣ ድምፆቹን በሌላ ስሌት በማቀናበር የቆዳ ጥቁረት የሚያመጣውን ብዥታ መቀነስ እንደሚቻል በ2023 አሳይታለች። ሜላኒን ወደ ረጅም ሞገድ በተሄደ ቁጥር የሚውጠው ስለሚቀንስ፣ ሌዘሩን ወደዚያ መግፋትም ሌላው መፍትሔ ነው። እኔ የምለው፣ ከጀርመን ሕመምተኞች የተገኘን የመለኪያ ወሰን ተውሶ ሰቆጣ ላይ መፍረድ አይገባም። ወሰኑ በእኛ ልጆች ላይ እንደገና መሠራት አለበት።

ደሙም የራሱ ነገር አለው። የሚለካው ሄሞግሎቢን ነው፤ በዚያው በ2016ቱ ጥናት ከ6 እስከ 59 ወር ካሉት የኢትዮጵያ ልጆች 57 በመቶው ደም ማነስ ነበረባቸው። ደሙ የሳሳ ልጅ አንጀቱ ቢቆጣ እንኳ ድምፁ ዝቅ ይላል፤ ጤነኛ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ የአንጀቱን መለኪያ ከልጁ ከራሱ የደም መጠን፣ ካልሆነም ካልተቆጣ የሰውነቱ ክፍል ጋር ማነጻጸር ያስፈልጋል። ከፍታም አለ። ሲንቲያ ቢል የተባለች ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምራ፣ ሄሞግሎቢናቸውም ኦክስጅናቸውም በባሕር ጠረፍ ካለ ሰው ጋር ተቀራራቢ ሆኖ በማግኘቷ በ2002 ዓለምን አስደነቀች፤ በአንዲስ ተራሮች ያሉት ሰዎች ደማቸው ወፍሮ ነው የሚኖሩት። ሰቆጣ ያን ያህል ከፍ አትልም፤ ከ2,000 ሜትር ግን በላይ ነች። ስለ ደምና ኦክስጅን በሚጠይቅ መሣሪያ ፊት የእኛ ደገኛ ከሌላው ዓለም የተለየ መልስ ይዞ እንደሚቀርብ ከወዲሁ ማወቅ ደግ ነው።

ዋጋው ትልቅ ነው፤ ሌዘሩ ግዙፍ ነው፤ የዐይን መከላከያ መነጽር ይፈልጋል። በሌዘር ፋንታ ኤልኢዲ የሚጠቀም አነስተኛ መሣሪያ ጃፓን ውስጥ ተሠርቶ ገበያ ላይ ውሏል፤ ብርሃኑ ደካማ ስለሆነ ግን ጠልቆ አይሄድም። ለልጅ ስስ ሆድ ይበቃ ይሆን የሚለው ለአንድ ወጣት የኢትዮጵያ የሕክምና ፊዚክስ ተማሪ የመመረቂያ ሥራ ቢሆን ደስ ይለኛል።

ቅደም ተከተሉን ብጠየቅ እንዲህ እላለሁ። መጀመሪያ ጎንደር ወይም አዲስ አበባ፣ ለራሳቸው ሕመም ሲሉ ኮሎኖስኮፒ የሚደረግላቸው ጎልማሶች በዚያው ቀን ሆዳቸው በኦፕቶአኩስቲክ ይታይ፤ ቱቦው ያየውና ድምፁ የነገረን ይመሳከር፤ የቆዳቸው ጥቁረትም የደማቸውም መጠን አብሮ ይመዝገብ። ቀጥሎ በደህና የሚያድጉ ልጆች፣ ከቆላም ከደጋም። ከዚያ በኋላ ነው ሰቆጣ። እዚያ ሲደርስ ነገሩ ከሩቅ እንደሚታየው አያስፈራም። የእጅ መሣሪያው አንጀቱን መጀመሪያ የሚፈልገው በተራ አልትራሳውንድ ምስል ነው፤ በዚያው ስክሪን ላይ የቀለሙ ካርታ ይደረብበታል። የነፍሰ ጡርን ሆድ በአልትራሳውንድ ማየት የለመደች ባለሙያ የአንጀቱን ቀለበት ታውቀዋለች፤ ጄሉንም፣ እጇን የምታሳርፍበትንም ታውቃለች። አዲስ የሚሆንባት ያ ቀለም ስንት ሲሆን ቁጣ እንደሚባል ነው፤ እሱን ቁጥር ደግሞ ከእሷው አካባቢ ልጆች በቀር የሚሰጣት የለም።